ሂፖቴራፒ፦ የፈረስ እርምጃ ለሕፃናት ሕክምና

ሂፖቴራፒ የፈረስን እርምጃ በመጠቀም የእንቅስቃሴ ችግር ያለባቸውን ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናትን የማከም ዘዴ ነው። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር) ያለባቸው ልጆች ናቸው። ሥራውን የሚመራው የፊዚዮቴራፒ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባራትን ለማከናወን የሚያግዝ ሕክምና) ወይም የንግግር ሕክምና ባለሙያ ሲሆን ልጁ ግልቢያ አይማርም፤ ልጓምም አይዝም። ለአካል ጉዳተኞች ግልቢያ የሚያስተምሩ ማዕከላት ሌላ ዘርፍ ናቸው፤ ማስታወቂያዎች ግን ሁለቱን አዘውትረው ያቀላቅሏቸዋል።

የሕክምናው ቁም ነገር ያለው በፈረሱ አካሄድ ላይ ነው። ፈረስ ሶምሶማ ሳይገባ ቀስ ብሎ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ በመጠኑም ይዞራል። ይህ ሁሉ በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። ላዩ የተቀመጠው ልጅ ዳሌ እንቅስቃሴውን ይከተላል፤ ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው የሚያደርገውም ከዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው። በእግሩ ቆሞ የማያውቅ ልጅ እንኳ ወገቡና ዳሌው የእርምጃን ምት ይቀበላሉ። የፈረሱ ሙቀትና የጀርባው ስፋት ደግሞ ተወጥረው እርስ በርስ የሚጣበቁትን ጭኖች ቀስ በቀስ ያላላሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻ አይጫንም። ልጁ የሚቀመጠው በቀበቶ በታሰረ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ነው፤ የራስ ቁርም ያጠልቃል። አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል፤ ባለሙያውና ረዳቱ ከግራና ከቀኝ ይሄዳሉ። ባለሙያው ፈረሱ እንዲቆም ምልክት ሲሰጥ የልጁ ደረት ወደ ፊት ይደፋል፤ ልጁ በሆዱና በጀርባው ጡንቻዎች ራሱን መልሶ ማቅናት አለበት። ፈረሱ በክብ ሲዞር የልጁ ሰውነት ወደ ውጭ ይገፋል፤ እንደገና ሚዛኑን ይፈልጋል። አንዳንዴ ፊቱን ወደ ፈረሱ ጅራት አዙረው ያስቀምጡታል፤ እጁን ፈረሱ ላይ ተክሎ ሲደገፍ ትከሻው ይሠራል። ለተመልካች ሽርሽር ይመስላል፤ ለልጁ ግን ከባድ ሥራ ነው።

በዚህ ዘርፍ ታሪክ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው ዴንማርካዊቷ ፈረስ ጋላቢ ሊስ ሃርቴል ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና ቀረች። ሰው ደግፎ ፈረስ ላይ እያወጣት በ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ በ1956ም ደገመችው። እርሷ ጋላቢ እንጂ የሂፖቴራፒ ታካሚ አልነበረችም፤ ሆኖም ድሏ የብዙዎችን ትኩረት ወደ ፈረስ ሳበ። ዘዴው እንደ ፊዚዮቴራፒ አካል መልክ የያዘው ከ1960ዎቹ ጀምሮ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ነው።

ጥቅሙን በተመለከተ ከሚነገረው በላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከፊሎቹን ለ8 ደቂቃ በሚራመድ ፈረስ ላይ፣ ሌሎቹን ደግሞ በማይንቀሳቀስ በርሜል ላይ አስቀመጠ። የግራና የቀኝ ጡንቻዎች ሥራ መመጣጠን የተሻሻለው ፈረስ ላይ በተቀመጡት ነው። ይህም ለውጡን ያመጣው እግርን ከፍቶ መቀመጥ ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል። ግልቢያን የፈተሸ እ.ኤ.አ. የ2009 የአውስትራሊያ ጥናት በበኩሉ በልጆቹ የእንቅስቃሴ ችሎታ ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። በጥቅሉ በአቀማመጥና በሚዛን ላይ የሚታየው መሻሻል ተስፋ ሰጪ ነው፤ «ልጄ ይራመዳል» የሚል ተስፋ መስጠት ግን ተገቢ አይደለም። ሂፖቴራፒ የመደበኛው ሕክምና አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

ለሁሉም አይሆንም። የዳሌ አጥንቱ ከቦታው የወጣ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር፣ የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተገታ ወይም ለፈረስ አለርጂ ያለበት ልጅ አይወጣም። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የላይኛው የአንገት አጥንታቸው መጋጠሚያ ሊላላ ስለሚችል አስቀድመው በሐኪም መታየት አለባቸው።

ፈረሱም ይመረጣል። ረጋ ያለና የማይደነብር መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ እርምጃው ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። በትንሹም ቢሆን የሚያነክስ ፈረስ የተዛባ አካሄዱን ወደ ልጁ ወገብ ስለሚያስተላልፍ እስኪሻለው ድረስ ከሥራ ይወጣል።