የማስታረቅ አገልግሎት ምንድን ነው?

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ሳል የያዘው ሌባ ራሱን ያሳብቃል፤ ቂም ይዞ የሚጸልይም እንደዚያው ነው። ተረቱ እውነት ነው። ወንጌል ግን ከዚህም አልፎ ይሄዳል።

ማቴዎስ 5፥23-24ን ብዙዎቻችን ገልብጠን ነው የምናስታውሰው። እኔም ለዓመታት «ሰው ላይ ቂም ካለህ መባህን ትተህ ሂድ» የሚል ይመስለኝ ነበር። ጥቅሱ የሚለው ግን «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ነው። የተቀየመው እሱ ነው፤ ተነስቶ የሚሄደው ግን መባ የያዘው ሰው ነው።

እስቲ ቦታውንም እናስበው። ኢየሱስ ይህን የተናገረው በገሊላ ነው፤ መሠዊያው ያለው ደግሞ ኢየሩሳሌም። በእግር ሦስት ቀን ያህል ያስኬዳል። ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ ተራው ደርሶ፣ መሠዊያው ፊት ቆሟል። ድንገት ያስቀየመው ሰው ትዝ አለው። አሁን መባውን እዚያው አስቀምጦ አገሩ ሊመለስ ነው። ታርቆ ደግሞ እንደገና ሊመጣ። እግዚአብሔር መባው ቢዘገይ ግድ የለውም፤ ዕርቁ እንዲዘገይ ግን አይፈልግም።

ዕርቅ በክርስትና የተበላሸ ግንኙነት ሲታደስ ነው። የሚጀምረውም ከላይ ነው። ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ እግዚአብሔር በክርስቶስ ከራሱ ጋር እንዳስታረቀን ይነግረንና፣ ያንኑ ሥራ ለእኛም እንደሰጠን ይጨምራል። «የማስታረቅ አገልግሎት» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። በግሪክኛ «ካታላጌ» ይለዋል፤ ቃሉ ገንዘብ ለመመንዘርም ያገለግል ነበር። ጠላትነት በወዳጅነት ሲለወጥ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚነካኝ ነገር አለ፦ ቀድሞ የመጣው የበደለው ወገን አይደለም፣ የተበደለው እግዚአብሔር ነው።

ለዚህ ነው ማቴዎስ 18፥15 ላይ ደግሞ የተበደለው ሰው «ሂድ» የሚባለው። ሄዶ በደሉን የሚናገረውም መጀመሪያ ለብቻው ነው፣ ሰው ሳይሰማ። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ይቅርታና ዕርቅ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ይቅር ማለት አንድ ሰው ብቻውን ይችላል፤ የበደለው ሰው ባይጸጸትም፣ በሕይወት ባይኖርም እንኳ። ለዕርቅ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» የሚለው ለዚህ ነው። በሌላው በኩል ያለው በእጃችን አይደለም።

ታርቆ አብሮ መኖርም ግዴታ አይደለም። ያዕቆብ በረከቱን በተንኮል የወሰደበትን ኤሳውን ሊገናኝ ሲሄድ ወንድሙ 400 ሰዎች ይዞ እየመጣ እንደሆነ ሰምቶ ፈርቶ ነበር። ሰባት ጊዜ ሰገደ። ኤሳው ሮጦ አቀፈው፣ ተላቀሱ። ከዚያ ግን አንዱ ወደ ሴይር፣ ሌላው ወደ ሱኮት ሄደ። ዕርቁ በዚህ አልፈረሰም።

አለባብሶ ማለፍ ግን ዕርቅ አይደለም። ኤርምያስ «ሰላም ሳይሆን ሰላም ሰላም» የሚሉትን የወቀሳቸው የሕዝቡን ቁስል ላዩን ብቻ ስለሚያክሙ ነው። የተደበደበችን ሴት «ቻይው፣ ትዳርሽን አታፍርሺ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ላዩን ማከም ነው። እውነቱ መነገር አለበት። ካሳም አለ፤ ቀራጩ ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው። ጴጥሮስም ኢየሱስን ሦስት ጊዜ የካደው ፍም እሳት እየሞቀ ነበር። ከትንሣኤው በኋላ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር የጠበቀው ፍም አቀጣጥሎ ነው። «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀውም ሦስት ጊዜ ነው። ጴጥሮስ አዘነ። የካደበት ቁስል ሳይነካ አልታለፈም፤ ግን ቁርስ ከበሉ በኋላ ነው።

አስታራቂውስ? «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» የሚለው የአማርኛ ትርጉም ደስ ይለኛል። ግሪክኛው ሰላም የሚሠሩ ይላል፤ ሰላም ወዳድ አይልም። ጠብ ሲያይ ዞር የሚል ሰው ሰላም ወዳድ ሊሆን ይችላል። አስታራቂ ግን መሃል ይገባል፣ መሃል መግባት ደግሞ ዋጋ አለው።

ይህን አብርቶ የሚያሳየኝ ወደ ፊልሞና የተላከው ደብዳቤ ነው። 25 ቁጥር ብቻ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበር፤ ከጌታው ተለይቶ ጳውሎስ ዘንድ ደርሷል። ጳውሎስ ራሱ እስር ላይ ነው። አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ይላል። ቀጥሎ ያለው ነገር ሁሌም ያስቆመኛል። በድሎህ ወይም ዕዳ ኖሮበት ከሆነ በእኔ ላይ ቁጠረው ይላል፤ እኔ እከፍላለሁ ብሎም በገዛ እጁ ይጽፋል። እስረኛ ሆኖ ዋስ ገባ። የበደሉን ሒሳብ አልሰረዘውም፣ ወደ ራሱ አዞረው እንጂ።

ፊልሞና ምን እንዳደረገ ደብዳቤው አይነግረንም። ጳውሎስ ግን በጽሑፍ ለምኖ ብቻ ነገሩን አልተወውም። ሊጨርስ ሲል አንድ ነገር ጨመረ፦ ማደሪያ አዘጋጅልኝ፣ እመጣለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።