የኮፒ ማሽን ሃርድ ዲስክ ምንድን ነው?

ደብዳቤው ላይ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማህተም ተመትቶበታል። ፖስታው ታሽጓል። ቁም ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ገብቷል። ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤው ኮሪደር ላይ ባለው ማሽን ሦስት ኮፒ ተነስቶለታል። ማሽኑን ማን ልብ አለው?

ብዙዎቻችን ኮፒ ማሽንን እንደ መስታወት ነው የምናየው። ወረቀቱ ሲነሳ ምንም የሚቀር አይመስለንም። የድሮዎቹ እውነትም እንደዚያ ነበሩ። ብርሃኑ ከወረቀቱ ነጥሮ ድራሙ (የሚሽከረከረው ሲሊንደር) ላይ ያርፋል፣ ቶነሩ (የቀለም ዱቄቱ) ይይዘዋል፣ አለቀ። የዛሬዎቹ ግን መጀመሪያ ስካን ያደርጋሉ። ገጹን ፋይል ያደርጉትና ከዚያ ያትሙታል። ከኮምፒውተር የሚላከው ፕሪንት፣ ስካኑና ፋክሱም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። በትልልቆቹ የቢሮ ማሽኖች ውስጥ ይህ ፋይል የሚያርፍበት ቦታ ሃርድ ዲስክ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ካለው አይለይም። በብሎን መፍቻ ተፈቶ ይወጣል።

ያለ ምክንያት አልገባም። ሁለት መቶ ገጽ የጨረታ ሰነድ በአሥር ኮፒ ስታዙት ማሽኑ ገጾቹን አንዴ አንብቦ በተራ እየደረደረ ማውጣት አለበት። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ፕሪንት ሲልክም ወረፋ የሚያስይዝበት ቦታ ይፈልጋል።

«ታትሞ ሲያልቅ ይጠፋ የለ?» ትሉ ይሆናል። ይሰረዛል፣ ግን አይጠፋም። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። የማህደሩ ቁጥር ከመዝገቡ ላይ ተሰርዟል፣ ማህደሩ ግን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ሌላ መጥቶ ቦታውን እስኪወስድበት ድረስ ፈልጎ የሚያወጣው አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ይህን በተግባር አሳየ። ጋዜጠኞቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ካለ መጋዘን አራት ያገለገሉ ኮፒ ማሽኖችን ገዙ። ዋጋቸው እያንዳንዳቸው 300 ዶላር ገደማ ነበር። ሃርድ ዲስኮቹን አወጡና ከኢንተርኔት በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ፈተሿቸው። ሁለቱ የባፋሎ ከተማ ፖሊስ ማሽኖች ነበሩ። በአንደኛው የቤት ውስጥ ጥቃት አቤቱታዎችና የሚፈለጉ የወሲብ ወንጀለኞች ዝርዝር ተገኘ። በሌላኛው በአደንዛዥ ዕፅ አሰሳ የሚያዙ ሰዎች ዝርዝር ነበረበት። ሦስተኛው የአንድ የግንባታ ድርጅት ነበር፣ የሠራተኞቹ የደመወዝ ወረቀት ከነአድራሻቸው ወጣ። አራተኛው አፊኒቲ ሄልዝ ፕላን የተባለ የጤና መድን ድርጅት ተከራይቶ የመለሰው ነው። የሰዎች የሕክምና መረጃ 300 ገጽ ያህል ተገኘበት።

አፊኒቲ ጉዳዩን የሰማው ከጋዜጠኞቹ ነው። እስከ 344,579 የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ተጋልጦ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአሜሪካ የጤና መስሪያ ቤት ጋር ሲስማማ 1,215,780 ዶላር ከፈለ። ሰብሮ የገባ ሌባ የለም፣ ኮድ የፈታ ሃከርም የለም። የኪራይ ዘመኑ ያለቀ ማሽን በሰላም ተመለሰ እንጂ።

እዚህም ያገለገለ ማሽን ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለጥገና ወጥቶ ይከርማል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛንና የሠራተኛን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታ ነው። (ያገለገለ ማሽን የገዛችሁ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ የማታውቁት ሰው ምስጢር ቤታችሁ ገብቶ ሊሆን ይችላል።)

ሁሉም ማሽን ግን እንዲህ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ ሃርድ ዲስክ የላቸውም። የማሽኑን ሞዴል ይዞ አቅራቢውን ወይም ቴክኒሻኑን መጠየቅ ነው።

ካለው፣ ብዙዎቹ የቢሮ ማሽኖች መፍትሔውን ይዘው ነው የሚመጡት። አንደኛው ኢንክሪፕሽን፣ ማለትም ዳታውን በምስጢር ኮድ መቆለፍ ነው። ዲስኩ ተፈቶ ቢወሰድ እንኳ ያለ ቁልፉ አይነበብም። ሌላው ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ የፋይሉ ቦታ ላይ ትርጉም የሌለው ዳታ እየደራረበ የሚጽፍ ነው። ችግሩ ሰው አያበራቸውም። ሴቲንጉ ውስጥ ተቀምጠው ማሽኑ ያረጃል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ኔትወርክ ላይ ያለ ማሽን ሴቲንጉ የሚታይበት የራሱ ድረ ገጽ አለው። አይፒ አድራሻውን (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ብራውዘር ላይ ስትጽፉት ይከፈታል። ፓስወርዱ ፋብሪካው የሰጠው ከሆነ፣ ማኑዋሉን ኢንተርኔት ላይ ያገኘ የቢሮ ሰው ሁሉ ሊገባበት ይችላል። ማሽኑ ሲተከል መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ መሆን ነበረበት።

የሚወጣው ወረቀትም አለ። በአንድ ወቅት እሠራበት የነበረ ቢሮ የሁላችንም ደመወዝ ዝርዝር ትሪው ላይ ተረስቶ አደረ። ጠዋት ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ማን ስንት እንደሚበላ ያላወቀ አልነበረም። ከሁለት ሰዎች ጋር እስከ ዛሬ ሰላምታችን ቀዝቅዟል። የላከው ሰው ማሽኑ ጋ ቆሞ ፒኑን ካላስገባ ወረቀቱ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻል ነበር። ብዙ የቢሮ ማሽን ላይ አለ። ግን ፒኑ እስኪገባ ሰነዱ የሚጠብቀው እዚያው ዲስክ ላይ መሆኑን አትርሱ።

ማሽኑ የኪራይ ከሆነ «ሲመለስ ሃርድ ዲስኩ ለተከራዩ ይቀራል» ወይም «በተከራዩ ፊት ይጠፋል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ይግባ። ከመፈረሙ በፊት ነው ታዲያ። አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ጫኞቹ እየተጣደፉ «ቆይ፣ ዲስኩ...» ቢባል ማንም አይሰማም።