«የቀዘቀዘ ግጭት» ምንድን ነው?

መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር፤ የመስቀል ማግስት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ የሰፈራችን ደመራ አመድ ገና አልተጠረገም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። ሪያል ማድሪድ በሜዳው ሸሪፍ ከሚባል ክለብ ጋር ይጫወታል። ያን ያህል ጨዋታ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ሊያልቅ ሲል የሉክሰምበርጉ ሴባስቲያን ቲል ከርቀት መታት፤ ጥግ ላይ ገባች። 2 ለ 1። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ ዞሮ፣ «ሸሪፍ የየት አገር ነው?» አለኝ።

«የሞልዶቫ» አልኩት።

መልሴ ስህተት አልነበረም፤ ግን ግማሽ መልስ ነበር። ሌላውን ግማሽ በዚያ ጩኸት መሃል ማስረዳት አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

የሸሪፍ ከተማ ቲራስፖል ትባላለች። ካርታ ላይ የሞልዶቫ ናት። ከተማዋ ውስጥ ግን የሚያዘው የሞልዶቫ መንግሥት አይደለም። የሞልዶቫ ገንዘብ ሌይ ነው፤ እዚያ የሚገበያዩት በራሳቸው ሩብል ነው። የራሳቸው ፕሬዚዳንት፣ ፓርላማና ጦር አላቸው። ባንዲራቸው ላይ እስከ ዛሬ ማጭድና መዶሻ አለ። ግዛቱ ትራንስኒስትሪያ ይባላል። ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ግን አንዱም ዕውቅና አልሰጠውም። ዋና ደጋፊው ሩሲያ እንኳ አልሰጠችውም። ክለቡም የሚጫወተው በሞልዶቫ ሊግ ነው።

እንዲህ ያለውን ሁኔታ ዜናው «የቀዘቀዘ ግጭት» ይለዋል። ተኩስ ቆሟል፤ ሰላም ግን አልወረደም። የተገነጠለው መሬት አገር አልሆነም፤ ወደ ቀድሞ አገሩም አልተመለሰም። ስሙ ከ«ቀዝቃዛው ጦርነት» ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቀዝቃዛው ጦርነት የአሜሪካና የሶቭየት ኅብረት ፍጥጫ ነበር፤ አብቅቷል። የቀዘቀዙ ከሚባሉት ግጭቶች ብዙዎቹ የተወለዱት ግን ያ ፍጥጫ ሲያበቃ ነው።

እኔ ቃሉን አልወደውም። «ቀዘቀዘ» ሲባል በራሱ ጊዜ የበረደ፣ ማንም ያልነካው ነገር ይመስላል። እናቴ ማታ ማታ እሳት ስትዳፍን እያየሁ ነው ያደግኩት። ፍሙን ትሰበስብና አመድ ታለብሰዋለች። ለማያውቅ ሰው ምድጃው የሞተ ይመስላል። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ጣል ታደርግበታለች። እፍ ስትልበት ይቀጣጠላል። ለነገ የተቀመጠ እሳት ነበር። ስለዚህ «የተዳፈነ ግጭት» ብንለው እመርጣለሁ። እንዲያ ስንለው ጥያቄውም አብሮ ይመጣል፤ የዳፈነው ማን ነው?

ወደ ሞልዶቫ ልመለስ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞልዶቫ በሮማኒያና በዩክሬን መሃል ያለች ትንሽ አገር ናት። በ1812 የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ከኦቶማን ቱርክ እጅ ወሰዳት። በ1918 ከሮማኒያ ጋር ተዋሐደች። በ1940 ደግሞ ሶቭየት ኅብረት ያዛት። ከዲኒስተር ወንዝ ማዶ ያለው ቀጭን መሬት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሞልዶቫ ከሮማኒያ ጋር በነበረችባቸው በእነዚያ ዓመታት ማዶው በሶቭየት ሥር ነበር። ያ ማዶ ነው የዛሬው ትራንስኒስትሪያ።

አብዛኛው ሕዝብ የሚናገረው ሮማኒያኛ ነው። ሶቭየቶች ቋንቋውን «ሞልዶቫኛ» ብለው ለብቻው ሰየሙት፤ በሩሲያ ፊደል እንዲጻፍም አደረጉ። ያው ቋንቋ ነው፤ ልብሱ ተቀየረ። ሶቭየት ኅብረት መላላት ሲጀምር፣ ኦገስት 31 ቀን 1989፣ የሞልዶቫ ምክር ቤት ቋንቋው የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆንና በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በሕግ ወሰነ። ቀኑ ዛሬም በዓል ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ርዕሱ «ቋንቋችን» የሚል ነው። ቋንቋ ለእነዚህ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ለብዙዎች ያ ሕግ የተወሰደባቸውን ማስመለስ ነበር። ወንዙ ማዶ ያለው ሩሲያኛ ተናጋሪ ግን ደነገጠ። ነገ ከሮማኒያ ጋር ሊቀላቅሉን ነው፣ በማናውቀው ቋንቋ ከሥራችን ልንፈናቀል ነው ብሎ ፈራ። ይህን ፍርሃት ሞስኮ ፈጠረችው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ፍርሃቱ የሰዎቹ የራሳቸው ነበር። እኛ ሰፈር ያሉ ልጆች በአንድ ቦርሳ ሁለት ፊደል ይዘው ይሄዳሉ፤ ግዕዝና ቁቤ። የሰፈራችን ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ቋንቋው የተነካበት ሰው ምን እንደሚሰማው ለመረዳት እዚህ ዳር ላይ የሚኖር ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ፍርሃት ብቻውን ግን ጦርነት አይሆንም። መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ደግሞ እዚያው ነበር። የሶቭየት 14ኛው ጦር ወንዙ ማዶ ሰፍሮ ነበር፤ ከሶቭየት ኅብረት መፍረስ በኋላ የሩሲያ ሆነ። ትራንስኒስትሪያ በሴፕቴምበር 1990 ተገንጥያለሁ አለች። በ1992 ውጊያ ተነሣ። የ14ኛው ጦር መሣሪያ ወደ ተገንጣዮቹ እጅ ገባ። በጁን ወር ቤንደር በምትባለው ከተማ ከባድ ውጊያ ሲደረግ ጦሩ በቀጥታ ገባበት። አዲሱ አዛዥ ጄኔራል አሌክሳንደር ሌቤድ ነበር። የሞልዶቫ ኃይል መግፋት አልቻለም። ጁላይ 21 ቀን የተኩስ አቁም ተፈረመ።

የፈራሚዎቹን ስም ልብ በሉልኝ። በአንድ በኩል የሞልዶቫው ፕሬዚዳንት ሚርቻ ስኔጉር፣ በሌላ በኩል የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቦሪስ የልሲን። ጦሩ ለአንደኛው ወገን የተዋጋለት መንግሥት ነው ፈራሚው። ከዚያ ደግሞ የሰላም አስከባሪ ሆኖ ቀረ። ወታደሮቹ ዛሬም አሉ። አመዱ እንዲህ ነው የለበሰው።

«የቋንቋና የማንነት ልዩነት ስላለ ነው» የሚለውን ማብራሪያ አትቀበሉ፤ ቢያንስ ብቻውን አትቀበሉት። ትራንስኒስትሪያ ውስጥ ሞልዶቫዊው፣ ሩሲያዊውና ዩክሬናዊው በግምት ሲሶ ሲሶ ናቸው። በሌላ በኩል፣ በሞልዶቫ ዋና ከተማ በኪሺናው ብዙ ሩሲያኛ ተናጋሪ በሰላም ይኖራል። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን ጋጋውዞች ናቸው። በደቡብ ሞልዶቫ የሚኖሩ፣ የቱርክ ዘር ቋንቋ የሚናገሩ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው። እነሱም በ1990 ተገንጥለናል ብለው ነበር። ያው ፍርሃት፣ ያው ዓመት። ነገር ግን ተነጋገሩ፤ በዲሴምበር 1994 የሞልዶቫ ፓርላማ ራስ ገዝ የሚያደርጋቸውን ሕግ አወጣ። ጭቅጭቁ ዛሬም አልቀረም፤ መገዳደል ግን የለም። ጋጋውዝ መሬት ላይ 14ኛው ጦር አልነበረም።

የተዳፈነ እሳት ከሥሩ ያቃጥላል። በ2004 የትራንስኒስትሪያ ባለሥልጣናት በላቲን ፊደል የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን በኃይል ዘጉ። ተማሪዎችና ወላጆች ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ውሳኔው በኦክቶበር 2012 ወጣ። የልጆቹን የመማር መብት በመጣስ ተጠያቂ የተባለችው ሩሲያ ናት፤ ያ አስተዳደር ያለ እሷ ድጋፍ አይቆምምና። ስለ አንድ ፊደል የተጀመረ ክስ ምድጃው የማን እንደሆነ በፍርድ ቤት ቃል አስነገረ።

ድጋፉ ጦር ብቻ አልነበረም። ትራንስኒስትሪያ ለብዙ ዓመታት የሩሲያን ጋዝ ስትጠቀም ሒሳቡን አትከፍልም ነበር። በዚያ ጋዝ የሚሠራው ትልቅ የኃይል ማመንጫ ለቀሪው ሞልዶቫም መብራት ይሸጥ ነበር። ማለትም ትንሿ አገር አብዛኛውን መብራቷን ትገዛ የነበረው ከተገንጣዩ ግዛት ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በዩክሬን በኩል የሚያልፈው ጋዝ ቆመ። በክረምት ብርድ የቲራስፖል ቤቶች ማሞቂያቸውና ሙቅ ውሃቸው ተቋረጠ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ። ፈረቃ ምን እንደሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። አሮጊቶች በዚያ ብርድ እንጨት ሲለቅሙ ሳስብ፣ «ጠብቀናችኋል» የተባለው ሕዝብ ምን እንዳተረፈ ግራ ይገባኛል።

ይህ የሩሲያ ብቻ ሥራ አይደለም። በ1974 የግሪክ ወታደራዊ መንግሥት ቆጵሮስ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት አስደረገ፤ በቀናት ውስጥ ቱርክ ጦሯን አስገባች። ደሴቲቱ እስከ ዛሬ ለሁለት ተከፍላለች። ሰሜኑን እንደ አገር የምታውቀው ቱርክ ብቻ ናት። አርመኒያና አዘርባጃን የተዋጉበት ናጎርኖ ካራባኽ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ «ቀዝቅዟል» ሲባል ኖረ። በ2020 ነደደ። በሴፕቴምበር 2023 ከ100 ሺህ በላይ አርመኖች በጥቂት ቀናት ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የሩሲያ ሰላም አስከባሪዎች እዚያው ቆመው ያዩ ነበር።

የእናቴ ፍም ከአመዱ ሥር ነበር። የሞልዶቫው ፍም ደግሞ ኮባስና ነው፤ ትራንስኒስትሪያ ውስጥ፣ ከዩክሬን ድንበር አጠገብ ያለ መንደር። ሶቭየት ከምሥራቅ አውሮፓ ስትወጣ የመለሰችው ጥይትና ፈንጂ የተከማቸው እዚያ ነው። በ1999 ኢስታንቡል በተደረገው ጉባኤ ሩሲያ ጦሯንም መሣሪያዋንም ልታወጣ ቃል ገባች። ከፊሉ ወጣ፤ ከዚያ ቆመ። ወደ 20 ሺህ ቶን የሚገመት ጥይትና ፈንጂ አሁንም መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑን የሚጠብቁት የሩሲያ ወታደሮች ናቸው።