የዓይን ቅባት፦ ትንሿ ቱቦ የምትሠራውና የማትሠራው

ጠዋት ሲነቁ ዓይንዎ ተጣብቆ አልከፈት ይላል። ሽፋሽፍቱ ላይ ቢጫ አይናር ደርቋል። ለብ ባለ ውኃ አርጥበው ሲከፍቱት ነጩ ክፍል ቀልቷል። እንዲህ ሲሆን የብዙ ሰው እጅ መሳቢያ ውስጥ ወደተቀመጠች ትንሽ ቱቦ ይሄዳል። ቱቦዋ ከተከፈተች ወራት አልፈዋል። ማን እንደተጠቀመባት፣ ለምን እንደታዘዘች የሚያስታውስ የለም።

ቅባቱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ጣጣው የሚመጣው በአያያዙና በማይመለከተው ሕመም ላይ ሲውል ነው።

ምንድን ነው?

የአንቲባዮቲክ የዓይን ቅባት በባክቴሪያ የመጣ የዓይን ኢንፌክሽንን ለማከም፣ ከጀርም ነፃ ሆኖ የሚዘጋጅ መድኃኒት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ንጹሕ ቫዝሊንና ዘይት ነው። መድኃኒቱ በውስጡ ጥቂት ነው። በሰፊው የሚታወቀው ቴትራሳይክሊን፣ በተለምዶ ቲቲሲ የሚባለው፣ 1 በመቶ ነው። ይህም በ1 ግራም ቅባት ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ኤሪትሮማይሲን በ0.5 በመቶ፣ ክሎራምፌኒኮል በ1 በመቶ ይዘጋጃሉ። ጄንታማይሲን፣ ቶብራማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም በቅባት መልክ አሉ።

ጠብታ እያለ ቅባት ለምን አስፈለገ? ዓይን ውስጥ ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ ዓይን ላይ ያለው እንባ 7 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ጠብታ መድኃኒት ግን ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው ጉንጭ ላይ ይፈሳል፤ ቀሪውም በእንባ መውረጃው በኩል ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል። ጠብታ ካደረጉ በኋላ ጉሮሮን መረር የሚለው ለዚህ ነው። ቅባት ግን በሰውነት ሙቀት ቀስ እያለ ይቀልጣል፤ ዓይን ላይም ይቆያል። በዚህ ምክንያት ለሌሊት፣ እንዲሁም አልቅሶ ጠብታውን በእንባው ለሚያጥብ ልጅ ይመረጣል። በምላሹ እይታን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ያደበዝዛል። እይታው እስኪጠራ መኪና መንዳት አይገባም።

የጨቅላዎች ዓይን እና ትራኮማ

ዓይንን በመድኃኒት ከኢንፌክሽን የመከላከል ታሪክ ከአንቲባዮቲክ ይቀድማል። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ካርል ክሬዴ በ1881 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ውስጥ አንድ ቀላል ዘዴ ይፋ አደረገ። አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ማድረግ። በዚያ ዘመን በወሊድ ወቅት ከእናት የሚተላለፍ የጨብጥ ባክቴሪያ ብዙ ሕፃናትን ያሳውር ነበር። ዘዴው ሕመሙን በእጅጉ ቀነሰው። ነገር ግን ጠብታው ራሱ ዓይንን ያቃጥላል። በ1948 እ.ኤ.አ. የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤሪትሮማይሲን ከመጡ በኋላ ቦታውን ቅባት ወሰደ። ዛሬ በብዙ አገሮች ሕፃን እንደተወለደ አንድ ጊዜ ይቀባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ያ ቅባት መከላከያ ነው። የአንድ ወር ዕድሜ ያልሞላው ሕፃን ዓይኑ ካበጠና መግል ከያዘ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቅባት ብቻውን አይበቃም፤ በመርፌ ወይም በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የጨብጥ ባክቴሪያ የዓይንን መስታወት፣ ማለትም ኮርኒያን፣ በጥቂት ቀናት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ እየቀቡ መጠበቅ አይሆንም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ መውሰድ ነው።

ቅባቱ ስሙን ያተረፈበት ሌላው ሕመም ትራኮማ፣ የዓይን ማዝ የሚባለው፣ ነው። ሕክምናው ቴትራሳይክሊን በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት መቀባት ነበር። ስድስት ሳምንት ረጅም ነው። ዓይኑ ሻል ሲለው ሰው ያቋርጣል፤ ባክቴሪያው ግን አላለቀም። በአፍ አንድ ጊዜ የሚወሰደው አዚትሮማይሲን ተመራጭ የሆነው በዋናነት ለዚህ ነው። ዛሬም ቢሆን 6 ወር ላልሞላቸው ሕፃናት ቅባቱ አለ።

የማይሠራበት ቦታ

ዓይን የቀላ ሁሉ ባክቴሪያ የለበትም። የአዋቂዎች የዓይን መቅላት በብዛት የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ዓይኑ ውኃ ያፈሳል፤ ብዙ ጊዜ በአንዱ ዓይን ጀምሮ ከቀናት በኋላ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ጉንፋንም አብሮ ሊኖር ይችላል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ሁለቱም ዓይን በጣም የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ አለርጂ መጠርጠር አለበት። ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ ቢጠረግም ቶሎ ቶሎ የሚመለስ፣ ወደ ባክቴሪያ ያደላል። ምልክቶቹ ስለሚደራረቡ ግን ሐኪምም በዓይን ብቻ አይቶ ሊሳሳት ይችላል።

በጣም የሚያሳስበኝ ስቴሮይድ፣ ማለትም መቅላትና እብጠትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ የተቀላቀለበት ቅባት ነው። ቱቦው ላይ ከአንቲባዮቲኩ ስም ቀጥሎ ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቅባት መቅላትን ቶሎ ያጠፋል። የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሕመሙ ከሄርፒስ ቫይረስ ወይም ከፈንገስ የመጣ ከሆነ፣ ዓይኑ ነጣ እያለ ኮርኒያው ላይ ያለው ቁስል ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰፋል። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ የዓይን ሞራም ያመጣል። የዓይን ሐኪም ሳያዝ መነካት የለበትም።

የቆዳ ቅባትም ለዓይን አይሆንም። የመድኃኒቱ ስም አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ለቆዳ የተሠራው ዓይን በሚፈልገው ንጽሕና አልተዘጋጀም። ቱቦው ላይ «ለዓይን» የሚል ካልተጻፈ ይተዉት።

አቀባብ

መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ቀጥሎ አይናሩ ይጠረጋል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የረጠበ ንጹሕ ጥጥ ይያዙና ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ይጥረጉ። ያንን ጥጥ ጥለው ሌላ ያንሱ። መግሉ ላይ የተቀባ ቅባት እዚያው መግሉ ላይ ይቀራል።

አሁን መስታወት ፊት ቀና ብለው የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ወደ ታች ሳብ ያድርጉ። ቀዩ የውስጥ ክፍል እንደ ትንሽ ኪስ ይከፈታል። ወደ ላይ እያዩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅባት እንደ ክር ኪሱ ላይ ያስተኙ። የቱቦው ጫፍ ዓይንን፣ ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን መንካት የለበትም። ከነካ ጀርሙ ወደ ቱቦው ይገባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጀርሙን መልሰው ዓይንዎ ውስጥ ይጨምሩታል ማለት ነው። ከዚያ ዓይንን ሳይጨምቁ ለአንድ ደቂቃ ጨፍኖ መቆየት ነው። የተረፈው በንጹሕ ሶፍት ይጠረጋል።

ጠብታም የታዘዘ ከሆነ ጠብታው ይቅደም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተው ቅባቱን ያስከትሉ። ቅባት ከቀደመ ዘይቱ ጠብታውን አያስገባም። እምቢ ለሚል ልጅ ደግሞ የሚቀለው እንቅልፍ ላይ እያለ መቀባት ነው።

ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚቀባ እንደ ሕመሙና እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ለተራ የባክቴሪያ ሕመም ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይታዘዛል። ትንሽ ማቃጠል የተለመደ ነው። ቆቡ ካበጠ፣ ካሳከከ፣ መቅላቱ ከቅባቱ በኋላ ከባሰ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል አቁመው ይጠይቁ። ኒዮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በዚህ ይታወቃል። ክሎራምፌኒኮል ደግሞ እጅግ አልፎ አልፎ ደም ከሚሠራው የአጥንት መቅኒ ችግር ጋር ስሙ ይነሳል። በራስዎ ወይም በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ የደም ሕመም ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

ቱቦው የአንድ ሰው ነው። ባል ለሚስት፣ እናት ለልጅ ማዋስ ሕመሙን ማዋስ ነው። ሲከፍቱት ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። አብዛኞቹ ከተከፈቱ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላሉ፤ ገና ግማሹ ቢቀርም።

መጠበቅ የማይገባበት ጊዜ

በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላመጣ ሌላ ቱቦ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ምርመራ ያስፈልጋል። ዓይን ከማሳከክ አልፎ በኃይል ካመመ፣ ብርሃን ካስፈራው፣ ጥቁሩ ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ወይም ቢያርገበግቡትም እይታው ካልጠራ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዓይን ዙሪያ እብጠትና ትኩሳት ሲኖር፣ ባዕድ ነገር ሲገባም እንዲሁ። ኬሚካል ከገባ መጀመሪያ ቅባት ሳይሆን ብዙ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ያለማቋረጥ እያጠቡ ወደ ሕክምና መሄድ።

ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ከቀላና ካመመው ከሁሉም በላይ ይፍጠን። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በአንድና በሁለት ቀን ኮርኒያን ሊያበላሽ ይችላል፤ ተራ ቅባትም ላይመልሰው ይችላል። ሌንሱ ወዲያው ይውለቅ። ግን ሌንሱም ማስቀመጫውም አይጣሉ። ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ፤ ጀርሙ ከእነሱ ላይ ተወስዶ ሊመረመር ይችላል።