የቬትናሙ «ምድጃ ማንደድ» ምንድን ነው?

በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቬትናም ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ንጉየን ፉ ትሮንግ ስለ ሙስና ሲናገሩ «ምድጃው ከጋለ በኋላ እርጥብ እንጨትም ቢገባበት ይነዳል» አሉ። እኛ «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ስንል ምንም ሳይበድል ለተቃጠለው እያዘንን ነው። የሳቸው ግን ዛቻ ነበር። የያዝኩት ሥልጣን ያድነኛል የሚል ካለ አይሞኝ ማለታቸው ነው። የፀረ ሙስና ዘመቻው «ዶት ሎ»፣ ማለትም ምድጃ ማንደድ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ትሮንግ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሥነ ጽሑፍ ነው። ብዙ ዓመት የሠሩትም በፓርቲው የንድፈ ሐሳብ መጽሔት ውስጥ ነው፤ ዋና አዘጋጁም ነበሩ። ንግግራቸው በምሳሌ የተሞላ ቢሆን አይገርምም። የውጭ ፖሊሲያቸውን ሳይቀር በቀርከሃ ነው የመሰሉት፦ ሥሩ የጠበቀ፣ ግንዱ የጠነከረ፣ ቅርንጫፉ የሚተጣጠፍ። ባይደን በሴፕቴምበር 2023፣ ሺ ጂንፒንግ በዲሴምበር፣ ፑቲን ደግሞ በጁን 2024 ሃኖይ ገቡ። ሦስቱንም በአሥር ወር ውስጥ በክብር ያስተናገደ ሌላ አገር እስቲ ፈልጉ።

ወደ ምድጃው እንመለስ። ቬትናም በ1986 «ዶይ ሞይ» በተባለው ለውጥ ገበያዋን ከፈተች። የውጭ ባለሀብት ገባ፣ ፋብሪካ በዛ፣ ብዙ ሕዝብ ከድህነት ወጣ። ፓርቲው ግን መሪውን ከእጁ አልለቀቀም። «ሶሻሊስት አቅጣጫ ያለው የገበያ ኢኮኖሚ» ይሉታል። ትሮንግም የሚያምኑበት ይህንኑ ነበር፤ ገበያ ይኑር፣ ልጓሙ ግን ፓርቲው እጅ ይሁን። እንግዲህ መሬቱም ፈቃዱም ብድሩም በባለሥልጣን ፊርማ የሚያልፍ ከሆነ ፊርማው ዋጋ ያወጣል። ትሮንግ በበኩላቸው ችግሩን ያዩት ከሁሉ በፊት እንደ ካድሬዎች የሞራል ዝቅጠት ነው።

እሳቱ የቀልድ አልነበረም። የፖሊት ቢሮ አባል የነበረው ዲን ላ ታንግ በ2018 13 ዓመት ተፈረደበት። የኮቪድ መመርመሪያ ኪት ቅሌት የጤና ሚኒስትሩን እስር ቤት አስገባ። በ2023 እና በ2024 ሁለት ፕሬዚዳንቶች ተከታትለው ሥልጣን ለቀቁ። የሪል ስቴት ቱጃሯ ትሩንግ ሚ ላን ደግሞ ከአንድ ባንክ 12.5 ቢሊዮን ዶላር መዝብራለች ተብላ በኤፕሪል 2024 ሞት ተፈረደባት።

ግን ትሮንግ ሌላም ምሳሌ ነበራቸው፦ አይጧን ስትመታ ማሰሮውን እንዳትሰብር። ማሰሮው ሥርዓቱ ነው። ለእኔ የዘመቻው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምድጃው የፓርቲው፣ ማገዶ መራጩም ፓርቲው። ነፃ ጋዜጣ ወይም ነፃ ፍርድ ቤት ወደ እሳቱ እንዲጠጋ አልተፈቀደለትም፤ መንግሥትን የሚተቹ ጸሐፊዎች በዚያው ዘመን ይታሰሩ ነበር። ስለዚህ ማን ነደደ ከሚለው ይልቅ ማን ሳይነድ ቀረ የሚለውን ከውጭ ሆኖ ማወቅ ከባድ ነው።

ማንም ያላሰበው ጣጣም መጣ። ባለሥልጣናት መፈረም ፈሩ። ነገ ያስጠይቀኛል ያለ ሁሉ ወረቀቱን ወደ ሌላ ቢሮ ገፋ፤ የመንገድና የግንባታ በጀት ሳይነካ ከረመ። ሆስፒታሎች ውስጥ መድኃኒትና ዕቃ ጠፋ፤ አንዱ ምክንያት የግዢ ኃላፊዎቹ ፍርሃት ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አይደል?

ትሮንግ በጁላይ 2024 በ80 ዓመታቸው አረፉ። በቀጣዩ ወር ወንበራቸውን የያዙት ቶ ላም ናቸው። ከ2016 ጀምሮ የሕዝብ ደህንነት ሚኒስትር ሆነው፣ ለምድጃው ማገዶ ሲያቀርቡ የኖሩት ሰው።