ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ምንድን ነው? በአንድ የዋሽንግተን ፓርክ ስናየው

ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሰፈር ውስጥ የሚዘዋወር ፖሊስ ወይም የማታ ሮንድ ነው። ሁለቱም አሉበት። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ፖሊስና ነዋሪ አንድ ላይ ቁጭ ይሉና "እዚህ ቦታ እየደጋገመ የሚያስቸግረን ምንድን ነው? ለምን እዚህ?" ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ሥራውን ይከፋፈላሉ። ወንጀል ሲፈጸም ተሯሩጦ መድረስ እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው ድካም ለወንጀሉ ቦታ መንሳቱ ላይ ነው።

ፓርክ ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቤት በር አለው፣ ሱቅ ባለቤት አለው። ፓርክ የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ በቀላሉ ጠያቂ ያጣል።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሜሪዲያን ሂል የሚባል ፓርክ አለ። ብዙ ሰው ማልኮም ኤክስ ፓርክ ይለዋል። 16ኛው ጎዳና ላይ ነው። ከአዳምስ ሞርገንም ከዩ ስትሪትም በእግር ስለሚደረስ የዲሲ ሐበሻ በደንብ ያውቀዋል። በ13 ገንዳዎች ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ፏፏቴ አለው። እሁድ ከሰዓት ከበሮ ይመታበታል፤ ይህ ልማድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ነው።

በ1980ዎቹ ግን ይህ ፓርክ በዕፅ ንግድ ስሙ የጠፋ ነበር። ሲመሽ የሚደፍረው ሰው ጥቂት ነው። በ1990 አካባቢው ላይ አንድ ታዳጊ ከተገደለ በኋላ ጎረቤቶች "በቃ" አሉ። ተሰብስበው የሜሪዲያን ሂል ወዳጆች የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በቡድን ሆነው ፓርኩን መዞር ጀመሩ። ከፓርክ ፖሊስ ጋር ተቀራርበው ሠሩ። ጽዳት ወጡ፣ ኮንሰርት አዘጋጁ። ወንጀሉ በጣም ቀነሰ። በ1994 የመሬት ቀን (ኧርዝ ዴይ) ሲከበር ፕሬዚዳንት ክሊንተን ራሳቸው ፓርኩ ድረስ መጡ።

ለእኔ ከሮንዱ ይልቅ ኮንሰርቱ ይበልጥብኛል። ምክንያቱ የቦታው አሠራር ነው። ፓርኩ ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው፤ በ16ኛው ጎዳና በኩል ትልቅ ግንብ አለው። መንገድ ላይ ያለ ሰው፣ በመኪና የሚያልፍ ፖሊስም ጭምር፣ ውስጡን አያይም። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚጠብቀው ውስጡ ያለ ሰው ነው። ልጁን ይዞ የመጣ አባት፣ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ፣ ከበሮ የሚመታ ሽማግሌ። ዕፅ የሚሸጥ ሰው የሚያየው ዓይን ሲበዛ ሥራው ይበላሽበታል።

ፖሊስ ደግሞ ነዋሪ የማይችለውን ይሠራል። ታጥቆ የመጣን ሰው ፊት ለፊት መግጠም የጎረቤት ሥራ አይደለም፤ ሮንድ የወጣ ሰው አይቶ መደወል ነው ያለበት። ደዋዩ ግን "ፓርኩ ውስጥ ችግር አለ" ብሎ ካቆመ ብዙም አይረዳም። የቱ አግዳሚ ወንበር ጋ? በስንት ሰዓት? መብራቱ ይሠራል? ቁጥቋጦው ሰው ይሸፍናል? እነዚህ ሲመለሱ አንዳንዴ መፍትሔው አምፖል መቀየርና ቁጥቋጦ መከርከም ሆኖ ይገኛል። ማንም ሳይታሰር ቦታው ይስተካከላል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። "ማኅበረሰቡ" ሲባል ማን ነው? ስብሰባ የሚመጡት ቤት ያላቸውና ሰዓት ያላቸው ብቻ ከሆኑ፣ ትብብሩ ቤት የሌለውን ሰው ወይም ተሰብስበው የቆሙ ጎረምሶችን ማባረሪያ ሊሆን ይችላል። ወንበር ላይ የተኛ ሰው ወንጀለኛ አይደለም። ፓርኩ የእሱም ነው። ስለዚህ ወጣቶቹም፣ ከበሮ መቺዎቹም፣ በራፉ ላይ የሚሸጡትም ስብሰባው ላይ መቀመጥ አለባቸው።

ዲሲ ላላችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሜሪዲያን ሂል የፌዴራል መንግሥት ንብረት ነው። ውስጡን የሚቆጣጠረው የፓርክ ፖሊስ ነው፤ አጥሩን ወጥቶ መንገዱ ላይ ግን የከተማው ፖሊስ ነው። አደጋ ሲኖር ያው 911 ነው፤ ቋሚ ችግር ሲሆን ግን የትኛው ጋ እንደሚኬድ ማወቅ ይጠቅማል። ሌላው፣ የየሰፈሩ የአማካሪ ኮሚሽን (ኤኤንሲ፣ የሰፈር ተመራጮች ከተማውን የሚያማክሩበት) ስብሰባ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፓርክ መብራትም የፖሊስም ጉዳይ ይነሳበታል። ቋንቋ አይያዛችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች፣ ፖሊሱም ጭምር፣ እንግሊዝኛ ለማይቀናው ነዋሪ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛ ደግሞ በከተማው በብዛት አገልግሎት ከሚጠየቅባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው ፖሊስ ጋ ስትሄዱ "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ፤ አስተርጓሚው በነጻ ነው።