የዕጩነት መስፈርት ምንድን ነው?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ አንዲት በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ጎረቤቴ «ልጄ፣ የውሃውንም የታክሲውንም መከራ የሚያውቅ ሰው ከዚሁ ከብሎካችን ለምን አይወዳደርም?» አሉኝ።

የማንም ስም ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ዝም ብሎ አይገባም። ለመግባት ማሟላት ያለበት ነገር የዕጩነት መስፈርት ይባላል። ዕድሜ አለ፤ እኛ አገር ለዕጩ 21 ዓመት ነው። የመኖሪያ ጊዜ አለ፣ የድጋፍ ፊርማ አለ፤ ነዋሪዎች «ይህ ሰው ይወዳደር» ብለው የሚፈርሙት ማለት ነው። በአንዳንድ አገር ገንዘብም ይያዛል። እንግሊዝ ለፓርላማ የሚወዳደር 10 ፊርማና 500 ፓውንድ ያቀርባል። ከ5 በመቶ በታች ድምፅ ካገኘ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። ታንዛኒያ ደግሞ የግል ዕጩ፣ ማለትም ያለ ፓርቲ የሚወዳደር ሰው፣ ጭራሽ አይፈቀድም። አሩሻ ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ክልከላ የመብት ጥሰት ነው ብሎታል።

መስፈርት መኖሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ሃምሳ ስም የተደረደረበት ወረቀት መራጩን ያምታታል። ግን ማጥበቡ እንዴት ነው? ቀድሞ በነበረው ሕግ በአንድ ምርጫ ክልል ከ12 ዕጩ በላይ አይወዳደርም ነበር። ከዚያ ከበለጠ ዕጣ ይወጣል። በ2007ቱ ምርጫ በዕጣ የቀሩ ዕጩዎች ነበሩ። ሕዝብ ሳያያቸው ዕጣ ጣላቸው ማለት ነው። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ፊርማው ነው። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው። ፊርማ ግን ስምህን በግልጽ ጽፈህ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የወረዳ ጉዳይ፣ የልጅ ሥራ ያለበት ሰው ለማይታወቅ ዕጩ ከመፈረሙ በፊት ሁለቴ ያስባል፤ አልፈርድበትም። እስከ ብሎክ ድረስ አባል ያለው ትልቅ ፓርቲ በአንድ ቀን የሚሰበስበውን፣ የግል ዕጩ በር እያንኳኳ ሳምንታት ይፈጅበታል። በ2013ቱ ምርጫ በኮሮና ምክንያት የድጋፍ ፊርማ ቀርቶ ነበር። ምርጫው ያለ እሱም ተካሂዷል። ስለዚህ የሚጠየቀው የፊርማ ቁጥር ዝቅ ቢል ምንም የሚፈርስ ነገር ያለ አይመስለኝም።

እንደኛ ባለ ዳር ሰፈር ሌላም ችግር አለ። ብዙዎቻችን ከመሀል ከተማ የመጣን ነን፤ ግማሹ ተከራይ ነው። ፈራሚው የምርጫ ክልሉ ነዋሪ መሆን አለበት። መራጭ ሆኖ ለመመዝገብም በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ይጠይቃል። መታወቂያው የድሮ ሰፈሩ የሆነ ሰው ይህን በምን ያሳያል?

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ጎረቤቴ ቦርሳቸውን ከፍተው መታወቂያቸውን አሳዩኝ። እዚህ ከገቡ አራት ዓመታቸው ነው። መታወቂያቸው ግን የአራት ኪሎ ነው። ሰኞ ጠዋት መሸኛ ሊያወጡ አብረን እንሄዳለን።